ወይንሸት ያሳጠረችው መጋረጃ

ወይንሸት ዱባለ በዕድሜዋ ብዙ ጨርቅ ቆርጣለች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ግን አንዱ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ቡታጅራ፣ ጠባቧ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የቆረጠችው መጋረጃ።

ባሏ ገብረወልድ መርካቶ ነጋዴ ነበር። እንደ አገሩ ወንድ ሁሉ ዓመቱን አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ይመጣል፤ በሬ ይጥላል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ሁለቱ ሴት ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቁት በመስቀል እንግድነቱ ነው። ሲሄድ ታዲያ ሁልጊዜ የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው። «ለከርሞ ጠቅልዬ እመጣለሁ። እዚሁ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ቤትም እንሠራለን፣ መስኮቱ ሰው የሚያህል።» ወይንሸት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት አመነችው። ከዚያ «እሺ» ማለትን ለመደች። ዘጠነኛው ዓመት ላይ እሺታዋም ከአንገት በላይ ሆነ።

በዚያ ነሐሴ፣ በርበሬ እየጫነ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ጋሽ ከድሮ አንድ ጥቅል ይዞላት መጣ።

«ገብረወልድ ነው የላከው። እስክመጣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው ብሎሻል።»

«ለምን?»

«ወላሂ፣ እኔ ዕቃ እንጂ ምክንያት አልጫንኩም» አለና ሄደ።

ስትፈታው ጥንድ መጋረጃ ነው። አረንጓዴ፣ ነጭ ቅጠል የፈሰሰበት፣ ሲነኩት እጅ የሚሞላ። ከሁለቱ ትንንሽ መስኮቶቿ በአንደኛው ላይ ብታስጠጋው ግማሹ መሬት ላይ ተኛ። እንዴት አትናደድ! ሰውየው የገዛ ቤቱን መስኮት እንኳ አያውቀውም አለች በልቧ። ስለዚያ ስለሚወራለት አዲስ ቤት ለአፍታ አሰበችና ወዲያው በራሷ ሳቀች።

ሳጥን ውስጥ ማስቀመጡን እንቢ አለች። መስቀል እየደረሰ ነው፤ ቤቱ ተለቅልቋል፤ ሰው ይገባል ይወጣል። ገበያው ዳር ያለው ባለ መኪና ልብስ ሰፊ ግን የበዓል ልብስ ተከምሮበት ቀና ብሎም አላያት። «ከመስቀል በኋላ ነይ» አላት። ከመስቀል በኋላ መጋረጃ ምን ሊረባኝ ብላ ቤቷ ገባችና መርፌ አወጣች።

ጎረቤቷ ሰፍያ በስፌት የታወቀች ባለሙያ ነበረች። መጀመሪያ ጨርቁን አስነከረቻት፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ ኋላ ይሰበሰባል። ሲደርቅ መስኮቱንም ጨርቁንም በወይንሸት ክንድ ለኩ፤ ሰፍያ ረጅም ናትና ክንዳቸው ቢደባለቅ ልኩ ይዛባል። በደረቅ ሳሙና ምልክት አድርገው፣ ዕጥፉን በግራር እሾህ ወጋግተው ያዙት። ሰፍያ መቀሱ ሲነሣ ስታይ እጇን ያዘቻት።

«አትቁረጪው እንጂ! ወደ ውስጥ እጠፊና በሰፋፊ ስፌት ያዢው። ነገ ትልቅ መስኮት ቢመጣ ክሩን መምዘዝ ነው።»

«የቱ ትልቅ መስኮት?» አለች ወይንሸት። «እኔ መጠበቅ ሰልችቶኛል፣ ሰፍያ። ባለኝ መስኮት ልክ ልኑር።»

ቆረጠችው።

ስምንት ቀን ሰፋች። ጠርዙን ሁለቴ እያጠፈች፣ ክሩ ከፊት እንዳይታይ ከጨርቁ አንድ ሁለት ድር ብቻ እያነሣች ቀመቀመችው። የጣቷ ጫፍ ተበሳሳ። ከትራፊው ለመደቡ ሁለት የትራስ ልብስ አወጣች። በከሰል ካውያ ተኩሳ ስትሰቅለው እውነትም ቤቱ አማረ። ምን ይደበቃል፣ ገብረወልድ አይቶ እንዲያመሰግናት ጓጉታ ነበር። ሰው በተናደደበት ሰው መመስገን እንዴት ያምረዋል!

ገብረወልድ በመስቀል ዋዜማ ደረሰ። ልጆቹን ስሞ ቀና ሲል መጋረጃውን አየ። ጠጋ አለና ቅምቅማቱን በጣቱ ዳሰሰ።

«የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«ክሩ እንኳ አይታይም» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ትራፊውስ?» አላት።

ትራሶቹን በአገጯ አሳየችው። ገብረወልድ መደቡ ላይ ተቀመጠና አንዱን ትራስ አንሥቶ አገላበጠው።

«እንግዲህ ይህችው ቤት ትበቃሻለች ማለት ነው?» አላት በመጨረሻ።

ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። አትበቃኝም፣ አንተ የሌለህበት ቤት እንዴት ይበቃኛል ልትለው ይገባት ነበር። ምላሷ ግን ኩራቷን ተከተለ።

«ትበቃኛለች» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። በማግሥቱ በሬው ሲታረድ፣ ሽማግሎቹ ሲመርቁ፣ አሜን ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ጊዜው ደርሶ ተሰናብቶ ሲሄድም ስለ ከርሞ አንድ ነገር አልተናገረም። ወይንሸት ያን የሰለቻትን ቃል ሳትሰማ ስትቀር ቃሉ ናፈቃት።

ነገሩን የነገራት ጋሽ ከድሮ ነው፣ በተከታዩ ግንቦት። ገብረወልድ ለአዲሱ ቤት ሁለት ትልልቅ መስኮቶች መርካቶ አናጢ ዘንድ አሠርቶ ጨርሶ ነበር። መጋረጃው የተሰፋው በእነሱ ልክ ነው። መስኮቶቹን ከመስቀል በኋላ ጭኖ የሚያመጣቸውም ራሱ ከድሮ ነበር።

«ምነው ያኔ ሳትነግረኝ ጋሽ ከድሮ?»

«አስምሎኝ! የአባቱን ልማድ ታውቂያለሽ፤ የቤት ነገር የመስቀል ሽማግሌ ሳይመርቀው አይወራም። ምርቃቱ ላይ ሊያስታውቅሽ ነበር። በኋላ ግን ‹ልቧ ከዚያች ቤት ጋር ተሰፍቷል፣ እኔን አትጠብቅም› አለኝ። መስኮቶቹንም ለሌላ ሰው ለቀቃቸው።»

ያን ክረምት ወይንሸት አንዲት ንግግር ስታዘጋጅ ከረመች። ደብዳቤ ማስጻፍ አልፈለገችም፤ ፊቱን እያየች ልትነግረው ነው። «ዋሽቼህ ነበር። አትበቃኝም። ና።» ውሃ ስትቀዳ፣ ቆጮ ስትከትፍ፣ ይህችኑ ትደጋግማለች። እንዳትጠፋባት ትፈራ ነበር።

መስቀል ደረሰ፤ ገብረወልድም መጣ። ቂም የሚባል የለበትም፣ እንዲያውም ፊቱ ፈክቷል። አፏን ሳትከፍት እሱ ጥቅሉን ፈታ። አሁንም መጋረጃ ነው፤ ቀይ፣ በመኪና የተሰፋ። አምና ሲሄድ ትንንሾቹን መስኮቶች እሷ ሳታየው በሲባጎ ለክቷቸው ኖሯል። አረንጓዴውን አውርዶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ራሱ ሰቀለው። ጣት አልተረፈም፣ ጣት አልጎደለም።

«ዘንድሮስ መርፌ አስይዤ አላደክምሽም» አላት ደስ ብሎት። «ሱቄንም አሰፋሁት። አንቺ ባለሽበት ደስ ካለሽ፣ እኔም እዚያው ልበርታ ብዬ ነው።»

ወይንሸት ሦስቱንም ቃል አላጣቻቸውም፤ አፏ ላይ ነበሩ። ሰውየው ግን ከወንበሩ ላይ ሆኖ እያያት ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር በልኩ በማድረጉ እንደ ልጅ ደስ ብሎታል።

«አምሯል» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ።»