በበረኪና ያጠብኩት ግድግዳ

ከከሚሴ የወጣሁት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ልጄ ሀያት ከእናቴ ጎን ተኝታ ነበር። ብትነቃ እግሬ እንደማይነሳ ስለማውቅ ሳልስማት በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። አጠገቤ የጎረቤታችን ልጅ ዘሀራ ነበረች። በረሃውንም ባሕሩንም አብረን አልፈን፣ አንድ ኩባያ ውሃ ተካፍለን ጠጥተን እንግሊዝ ገባን። አሁን የምቀናው በሷ ነው። ሐሰድ ሐራም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ወላሂ አልቻልኩም!

እዚህ ያረፍንበት ቤት ጉድ ነው። እኔ ምድር ቤት ከአምስት ሴቶች ጋር፣ ዘሀራ ፎቅ ላይ እዚህ ከወለደችው ሕፃኗና ከአራት ሴቶች ጋር። የከሚሴ ሙቀት ያቃጥላል እንጂ ግድግዳ አያስለቅስም። የዚህኛው ጠዋት ጠዋት ውሃ ይወርደዋል፣ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ለአከራያችን ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አብዝታችሁ ስለምትተነፍሱ ነው።»

«እና መተንፈሱን እንተወው?»

«መስኮት ክፈቱ።»

መስኮቱ በሚስማር ተመትቷል።

ከዚያ ካውንስሉ፣ እንደኛ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፣ የተጨናነቁና ለኑሮ የማይሆኑ ቤቶችን ሊመረምር እንደሚመጣ ደብዳቤ ላከ። እኔ ደግሞ ሀያትን ለማምጣት ደህና ቤት እንዳለሽ ማሳየት አለብሽ ተብያለሁ። ታዲያ እንግዳ ሊመጣ አይደል! እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት የቤት ችግር አይዘረገፍም። ግድግዳውን በበረኪና ፈትጌ አጠብኩ፣ ፍራሾቹን ጠቅልዬ ደበቅኩ፣ ሴቶቹን ወደ ፓርክ አባረርኩ፣ ሻይና ተምር አቀረብኩ።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሁለት። ይበቃናል፣ አልሃምዱሊላህ።»

ጻፈች። ሻዩን አመስግና ጠጥታ ወደ ፎቅ ወጣች።

ዘሀራ አንዲት ዕቃ እንኳ ከቦታዋ አላነሳችም። ከግድግዳው እርጥበት የራሰውን የልጇን ብርድ ልብስ ለኢንስፔክተሯ አስያዘቻትና «አሽትቺው!» አለቻት። ብዙም ሳይቆይ ባለሁለት መኝታ ቤት ሰጧት። የኔ ክፍል «ለኑሮ ተስማሚ» ተባለ። ካውንስል ሄጄ «ዋሽቻለሁ፣ ስድስት ነን» ብላቸው፣ የተቀበለኝ ሰውዬ «የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አለኝ።

መጋረጃ ስትሰቅል ላግዛት ዘሀራ ቤት ሄድኩ። ባዶዋን ሁለተኛ ክፍል ሳይ «ማሻአላህ» አልኩ፤ ያለው አፌ ብቻ ነው። የሀያት አልጋ የሚቆምበትን ጥግ በዓይኔ እለካ ነበር።

ጁምዓ ዕለት እናቴ በቪዲዮ ደወለች። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ደህና ነሽ ልጄ? ዘሀራ ቤቷን በስልክ አሳየችን፤ አቤት ማማሩ! ያንቺስ?»

እንደወትሮዬ ስልኩን ወደታጠበው ግድግዳ አዞርኩ። ሀያት ስልኩን ከእናቴ ነጠቀቻት።

«እማ፣ ያንቺ ቤት ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ ነው። እስቲ ዞር አድርጊው።»

አዞርኩት። ፍራሾቹን ጮክ ብላ ቆጠረች።

«ግዴለም፣ እኔ ቀጭን ነኝ፤ ካንቺ ጎን እገባለሁ። ልምጣ?»

ዘሀራ ብትሆን «ነይ» ትላት ነበር።