የዘለልኳት ዓረፍተ ነገር

ቂመኛ ነኝ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ እሑድ እሑድ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ወንበር የምደረድረው፣ አዲስ ለመጣ ሰው ፎርም የምሞላው፣ «እህታችን ትሑት ናት» የምባለው እኔ ነኝና። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ሳሉ የለብኝም እንጂ ቂሙንስ ሃያ ዓመት ገደማ ይዤው ጸልያለሁ። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የምጸልየው አንድ ቀን ያ ሰው እጄ ላይ እንዲወድቅ ነበር።

ወደቀ። እዚህ ስዊድን፣ ሶልና በምትባል ከተማ ባለ አንድ የልብ ክሊኒክ፣ ረፋድ ላይ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ እዚህ ያለው ሐበሻ «ቶልክ» ይለናል። ሐኪምና ታካሚ መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው አደርሳለሁ። በዚያ ሰሞን አገሩ የሚከራከረው ስለ እኛ ነበር። ፖለቲከኞቹ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ለአስተርጓሚ ከኪሱ ይክፈል ይላሉ፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ያኔ ሽማግሌው የልጅ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ልጁም የሚያፍርበትን ነገር ይዘልላል ይላሉ። እኔ ሮግስቬድ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ ይህን ክርክር በቴሌቪዥን እያየሁ ቁርሴን እበላና፣ ቀኑን «የኩፍኝ ክትባቱ ልጄ አፍ እንዳይፈታ ያደርገዋል» በሚሉ እናቶችና በሚለምኗቸው ነርሶች መካከል እውላለሁ። የሰማሁትን ለማንም አልናገርም፤ ሕግ አለብኝ። እዚህም ሰውየውን የሚያሳውቀውን ነገር ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ያልቀየርኩት የራሴን ጥፋት ብቻ ነው።

ፊቱን ሳላይ ነው በድምፁ ያወቅሁት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስልኩን አፉ ፊት ደግኖ ለልጁ ይጮኻል። «ነገርኩሽ እኮ! ወረቀቱን ዛሬ ትሰጠኛለች፣ ቅዳሜ እበራለሁ!» ጸጉሩ ነጥቷል፣ ካፖርቱ ሰፍቶታል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ሜዳ ዳር ቆሞ «ሩጪ አንቺ!» ይለኝ የነበረው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እንደምለው የታወቀ ነው፣ ሽማግሌ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው የምለው።

ደንቡ ግልጽ ነው። የምታውቂው ሰው ከገጠመሽ፣ በተለይም ቅሬታ ካለሽ፣ ለክሊኒኩ ተናግረሽ ትወጫለሽ፤ ሌላ ሰው በስልክ ይተካሻል። ይህን ለመናገር አምስት ደቂቃ ያህል ነበረኝ። አልተናገርኩም፤ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ? አስተርጓሚዋ ነኝ።»

«እሰይ! ያገሬን ልጅ ላኩልኝ» አለና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። አላወቀኝም። ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ክርክሩ ጀመረ። «ሰዎቹ እኮ እውነታቸውን ነው። ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ አንድ ቃል ላልያዝኩ ሽማግሌ መንግሥት ለምን ይከፍልልኛል? እኔም ብሆን እከለክል ነበር።» በሆዴ ሳቅሁ። ሰውየው ዛሬም ከባለሥልጣኑ ጎን ነው፤ በገዛ ራሱ ላይ ቢሆንም እንኳ።

«ይልቅ ይቺን እይልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የልጅ ልጁ ናት። እዚሁ ቮርቢ ጎርድ ሰፈር፣ ሕንጻዎቹ መካከል ባለ የአስፋልት ሜዳ የቅርጫት ኳስ ማንጠር የጀመረች፣ አሁን አሜሪካ በአንድ ኮሌጅ ቡድን የምትጫወት። ቡድኗ አሸንፎ አሸንፎ ለፍጻሜ ደርሷል። ወደዚያ ከሄደች ወዲህ አንድም ጨዋታዋን በአካል አላየም። «ይቺን ሳላይ ከሞትኩ ዓይኔ አይከደንም» አለኝ። ለቅዳሜ ቲኬት ተቆርጦለታል፤ ልጁ ግን የልብ ሐኪሟ መብረር ይችላል ብላ ካልጻፈች አልሸኝህም ብላዋለች። ስለዚህ ጉዞው የተንጠለጠለው በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ነበር።

ቪዲዮው ላይ ያለችው የልጅ ልጁ ደግሞ ጎበዝ ናት፣ ምን ላድርግ። በግራ እጇ እያነጠረች በሁለት ተከላካዮች መሃል ስትሾልክ አይቼ ሳላስበው «ውይ!» አልኩ። በእሷ ላይ ክፉ ማሰብ አልቻልኩም። በእሱ ላይ ግን ቻልኩበት።

አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለሁ በሴቶቹ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ኳሱን ከኋላ ይዤ የምመጣው እኔ ነበርኩ። በቁመት አልታደልኩም፤ ረጃጅሞቹ ቀለበቱ ሥር ይጠብቃሉ፣ እኔ አቀብላለሁ። በዚያ ዓመት በኮሌጆች ውድድር አንድም ጨዋታ ሳንሸነፍ ለፍጻሜ ደረስን። እሱ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ የተሰላፊዎችን ስም የሚለጥፈው እሱ ነው።

ከፍጻሜው በፊት በነበረው ሳምንት መኝታ ክፍሎቻችን ውስጥ ሰው መታመም ጀመረ። ተቅማጥና ትውከት ነው። አንዷን የክፍሌን ልጅ በብርድ ልብስ ተሸክመን ክሊኒክ አወረድናት። ስብሰባ ተጠራና «የሆድ መረበሽ ነው፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ አሉባልታ አትንዙ» ተባልን። የምንታጠብበት ውሃ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል። እጄን አወጣሁና በሽታውን በስሙ ጠራሁት። ኮሌራ አልኩ። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ እሱ ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ አንድ ነገር ጻፈ።

በማግሥቱ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ የለም። ቢሮው ሄድኩ። «የልብ ችግር አለብሽ፤ ሐኪም ጽፎልሻል» አለኝ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እያሳየኝ። ደረቴን ያዳመጠ ሐኪም አልነበረም። የነበረውን በሽታ ስም ከለከሉ፣ የሌለኝን በሽታ በማኅተም ሰጡኝ። ቡድኑ ያለ እኔ አሸነፈ። በፎቶግራፉ ላይ ዋንጫውን አቅፎ መሃል የቆመው እሱ ነው።

ነገሩ በሜዳው ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እናቴ ወረቀቱን አመነችው። ባልዲ እንዳታነሺ፣ ደረጃ እንዳትሮጪ ተባልኩ። አንድ ሊያገባኝ ያሰበ ልጅ ቤተሰቦቹ ሲሰሙ ቀረ። ቤተ ክርስቲያናችን ጾም ጸሎት ያዘልኝ። ዓመት ሲሞላ ሽማግሌዎቹ መድረክ ላይ አወጡኝና ልብሽን ስለ ፈወሰልሽ ጌታን አመስግኚ አሉኝ። ያልታመምኩትን! ሕዝቡ ሲያለቅስልኝ ሳይ እውነቱን መናገር አቃተኝ፤ አመሰገንኩ፣ እልል ተባለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በጌታ ፊት ያዋሸኝ ያ ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ። ገብተን እንደ ተቀመጥን ራሴን አስተዋወቅሁ። ማንኛውም አስተርጓሚ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ቋንቋ የሚላቸው ነገሮች አሉ፦ ምስጢር እጠብቃለሁ፤ ለማንም አላደላም፤ «እኔ» ስል የተናጋሪውን ቃል እያልኩ ነው፤ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይተረጎማል። በስዊድንኛ አራቱንም አልኩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩና «አባባ፣ ምስጢርዎን በሕግ እጠብቃለሁ፤ ሰው አይሰማብዎትም» አልኩት። ሌሎቹንም አስከተልኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ዘለልኳት።

ረስቼ አይደለም። ሽማግሌዎቻችንን አውቃቸዋለሁ። አማርኛ የምትናገር ሴት አጠገባቸው ከተቀመጠች የቶልክነቷን ነገር ይረሱታል፤ ልጃቸው ትሆናለች። ጠጋ ብለው «ይቺን ግን አትንገሪያት» ይላሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የተበጀችው ይህ እንዳይሆን ነው።

ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ነገረችው። ደም ከሚያሳልፉት የልቡ በሮች አንዱ ጠቧል፤ ቢሆንም ምንም የማይሰማው ከሆነ ጉዞው ላያሰጋው ይችላል። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም።»

«ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«በፍጹም። ደህና ነኝ በያት።»

«ራስዎን ስተው ያውቃሉ?»

ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ እጁን ያነሣና ያቋርጣል፤ «ያሉትን ሁሉ እተረጉማለሁ» ብሎ ያስጠነቅቃል። እጄን ጭኔ ላይ እንዳለ ተውኩት።

«ልጄ፣ ይኼን ለሷ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ሁለቴ ወድቄአለሁ። አንዴ ደረጃው ላይ፣ አንዴ መታጠቢያ ቤት። ልጄም አታውቅም። ይቺ ከሰማች መብረሩን አትፈቅድልኝም። አንቺ ብቻ የለም በያት።»

እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ሐኪሟ ታየኛለች። በስዊድንኛ፣ በ«እኔ»፣ አንድ ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ አልኩላት፦ ልጄ፣ ይህን ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ፣ አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት። እስከ መጨረሻዋ «የለም በያት» ድረስ።

የተሰማኝን አልደብቅም። ደስ አለኝ። ምላሴ ላይ ጣፈጠኝ። የዘለልኩትን የሚያውቅ የለም፤ የተናገርኩት ደግሞ ሁሉም በደንቡ ነው። ማን ይከሰኛል?

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አይበሩም» አለች። «በዚህ ሁኔታ አውሮፕላን ላይ ሊሞቱ ይችላሉ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ በዚህ ሳምንት እንዲያዩዎት ዛሬውኑ እጽፋለሁ።» ቀስ ብዬ ተረጎምኩለት፤ «አይበሩም» የምትለዋን በደንብ አጠራኋት።

እሱ እኔን እንጂ ሐኪሟን አላየም። «ነገርሻት?» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሐኪሟ በእኔ መከፋቱ ዘግይቶ ገባት መሰል፣ ፊቷ ለስለስ አለና ወደ እሱ ጎንበስ ብላ «ባትነግረኝ ኖሮ እፈርምልዎ ነበር። ሕይወትዎን ነው ያተረፈችልዎ» አለችው። መተርጎም ግድ ነው። ስለ ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ «ሕይወትዎን ነው ያተረፈችልዎ» አልኩት። ደስታዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። ልጎዳው ተነስቼ አድኜው ተገኘሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አስተርጓሚ ከታካሚው ጋር አብሮ አይወጣም። ቀድሜ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቴን ስለብስ ግድግዳውን እየተደገፈ መጣና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ይጠራል፤ ልጁ ናት። አላነሣውም።

«ነይማ ልጄ» አለኝ።

ቀረብኩ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲያውም ስድቡን ፈልጌው ነበር። እሱ ግን ባልተለመደ ቀስታ «ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የኖርኩት። ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ ሳህን እያጠብኩ፣ ባቡር ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ። ያዘጋጀሁት ንግግር ረጅም ነበር። የወጣው ግን አጭር ሆነ። «ከሴቶቹ ቡድን ነኝ። ለፍጻሜው የልብ ችግር አለብሽ ብለው በወረቀት ያስቀሩኝ።»

ፊቱን ጠበቅሁት። ይደነግጣል፣ ይክዳል፣ ወይ ያለቅሳል ብዬ። አንዱም አልሆነም። ቅንድቡን ሰብስቦ ለማስታወስ ታገለ፤ የምሩን ነበር።

«የትኛዋ ነሽ?» አለኝ።

ካፖርቴን መቆለፍ ጀመርኩ።

«ብዙ ናችሁ እኮ ልጄ» አለ። «አንዷን የልብ አልን፣ አንዷን የሳንባ። በየዓመቱ ነበር። ከላይ ስም ይሰጡኛል፣ እኔ ምክንያት እፈልጋለሁ። የትኛዋ ነሽ?»

ያን ሁሉ ዓመት በዓለም ላይ ያለነው እኔና እሱ ብቻ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት። የእኔ ወረቀት ለእሱ የአንድ ረፋድ የቢሮ ሥራ ነበር። ስሜን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ከነገርኩት እኔን ብቻ ያስታውሳል፣ እኔን ብቻ ይቅርታ ይለኛል፣ ወደ ቀዶ ሕክምናውም ቀልሎት ይገባል። ቦርሳዬን ያዝኩና ወደ በሩ ሄድኩ።

«የጅማዋ ነሽ?» አለ ከኋላዬ። «ወንድሟ የታሰረባት? ጸጉሯን አጭር የምትቆረጠው? መንታዋ?»

ከእነዚህ አንዷ እኔ ነበርኩ። አልዞርኩም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እሱ እኔን አልፎ ሌሎቹን እየጠራ ነበር።