ምስጢር ይዞ ቤት የተቀመጠው ሰው

ሂልዳ ሰውየውን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው፤ እንግሊዝ አገር ኖርዝሃምፕተን ከተማ አጠገብ ባለው የችግኝ መሸጫዋ ውስጥ ቆሞ የማሞቂያውን ማራገቢያ በአንድ ጆሮው ያዳምጥ ነበር።

«የማራገቢያው ኩሽኔታ ሊያልቅ ነው» አላት ሳይዞር።

ጃኬቱ ደረት ላይ የመሥሪያ ቤት አርማ ተፈትቶ የተነሳበት የስፌት ምልክት ይታያል፤ ጥፍሩ ሥር ገና ያልለመደው አፈር አለ።

«ምን ሠርተህ ነው ያባረሩህ፣ ወንድም ዓለም?» ስትል ቀለደችበት።

«አላባረሩኝም። የማውቀውን ነገር ለተፎካካሪ እንዳልወስድ፣ እስኪያረጅ ድረስ ደመወዜን እየከፈሉ ቤት አስቀመጡኝ። የውድድር መኪና ሞተር የምንሠራ ሰዎች ስንለቅ ወጉ እንደዚህ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት የደከመባት ዕቃ ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ፣ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የምትሽከረከር ትንሽ ነገር ነበረች። አዲሱ የውድድር ደንብ ከመኪናው ጭራሽ አስወጣት።

«ታዲያ አሁን ማን ይሰርቃታል? ለእኔ እንኳ እንዴት እንደሠራሃት ንገረኝ» አለችው ሂልዳ ከልቧ።

ሰውየው የመረጣቸውን የጎመን ችግኞች ሒሳብ ከፈለ። ከዚያ ችግኞቹን አቅፎ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«እስከ መጋቢት መናገር አይፈቀድልኝም፣ እህቴ። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ የሚጠይቀኝ አይኖርም።»