ጥፋቱ የውኃው አልነበረም

ከአዲስ አበባ፣ ማለዳ

አውቶቡሳችን ከመናኸሪያ ሲወጣ ገና በደንብ አልነጋም ነበር። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበርና የሽንኩርት ጆንያ ተጭኗል። እኔ ግን ሣጥኔን አላስጭንም ብዬ እግሬ ሥር ወሽቄዋለሁ።

"ምንድን ነው ያለው?" ይለኛል ረዳቱ።

"መተንፈሻ ነው። ጠላቂ ነኝ፤ መቱ አካባቢ ሥራ አለኝ።"

"መቱ ደግሞ የት ባሕር አለና?" አለ። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልቤ ሙሉ ነበር።

እንጀራዬ ውኃ ውስጥ ነው። ሐይቅ ውስጥ የሰመጠ ጀልባ አወጣለሁ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ፣ አንዳንዴም የሰጠመ ሰው እፈልጋለሁ። አሁን የጠራኝ ለሚ የሚባል፣ መቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ወጣት ነው። ታላቅ ወንድሙ ደረጀ መምህር ነበር። ከገበያ ሲመለስ ከነሞተር ብስክሌቱ ከእንጨት ድልድይ ላይ ወደቀ። ብስክሌቱ ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም። የአካባቢው ዋናተኞች ሞክረው አቃታቸው። "እናታችን ከወንዙ ዳር አልነሳም ብላለች ጋሼ" አለኝ በስልክ። ከዚህ በላይ ሊጠይቀኝ አላስፈለገውም።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ እንደተለመደው የአየር ጠርሙስ አይደለም። በጠርሙስ ስትጠልቅ ያስወጣኸው ትንፋሽ አረፋ ሆኖ ይሄዳል። በዚህኛው ግን ትንፋሽህ ኖራ በሚመስል ነጭ ጠጠር ውስጥ ያልፍና ተጣርቶ፣ ትንሽ ኦክስጅን ተጨምሮበት ወደ አንተው ይመለሳል። ረጅም ሰዓት ያቆያል። ለሚን "እናንተ ጋ ጠርሙስ የሚሞላበት ቦታ ስለሌለ ነው ይህን የማመጣው" አልኩት። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። መሣሪያው እጄ የገባው በቅርቡ ነበር፤ ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር።

ከበደሌ ወደ ሁሩሙ

ጅማ ምሳ በልተን በደሌ አደርን። ጠዋት በሚኒባስ ቀጠልኩ። ከያዮ ወዲያ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ረጃጅም ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ ቅርጫት ወገባቸው ላይ ያሰሩ ለቃሚዎች። መንገድ ዳር ማር በባልዲ ተደርድሯል። ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሣጥኔን አቅፋለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ሙዝ ገንጥለው ሰጡኝና ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ለሹፌሩ በኦሮምኛ ነገሩት። ሹፌሩ ዞሮ "ጀባዱ" አለኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። ሁሩሙ ስወርድ የሁሉም ዓይን በእኔ ላይ ነበር። አልጠላሁትም።

ወንዙ ዳር

ለሚ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው። በእግር መንገድ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። ድልድዩ ሥር ውኃው ሰፍቶ ጠቁሯል። ዳሩ ላይ የአገር ሰው ተሰብስቧል። እናትየው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እጄን ሁለት እጃቸው መሐል አስገብተው "መጣህልኝ?" አሉኝ።

ብቻን መጥለቅ አይመከርም፤ የሥራ ባልደረባዬ ግን አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር። ለሚን ገመድ አስይዤ ምልክቱን አስተማርኩት። ከዚያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው ከበቡኝ። እኔም ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ አብራራሁ፤ ይህ ምን እንደሚሠራ፣ ያ ከየት እንደመጣ። ጠጠሩን ሞላሁ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ቀጥሎ መሣሪያው ውኃ እንደማያስገባ መፈተሽ ነበረብኝ። አሰልቺ ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ዝም ብዬ መጠበቅ ደበረኝ። "ዝግጁ ነው" ብዬ ገባሁ።

ውኃው የቆየ ሻይ ይመስላል፤ ክንዴ አይታየኝም። በእጄ እየዳሰስኩ ወረድኩ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን በላኝ። የመንገዱ አቧራ ነው ብዬ ናቅሁት። ቀጥሎ አሳለኝ። ትንፋሼ እያጠረ መጣ፤ ብስብም አይበቃኝም። የሳሙና ጣዕም አፌን ሞላው። ያኔ ገባኝ፤ ውኃ ሾልኮ ገብቶ ጠጠሩን አሟምቶታል። ከመውጣቴ በፊት ከጠጠሩ የወጣው የሚያቃጥል ፈሳሽ ጉሮሮዬ ደረሰ። ለክፉ ቀን የያዝኩትን ትንሽ የአየር ጠርሙስ አፌ ላይ አድርጌ ገመዱን ሳብኩ።

ብቅ ስል እትዬ አስካለ ቆመዋል። እጃቸው ተዘርግቷል።

"አገኘኸው?"

በአራት እግሬ ጭቃው ላይ ሆኜ አስታወክሁ። ስልኮቹ ሁሉ ዝቅ አሉ። የእሳቸው እጅ ግን ለቅጽበት እንደተዘረጋ ቆየ። ያን እጅ እስካሁን አልረሳሁትም።

መቱ

መቱ ሆስፒታል ውስጥ አፌን ደጋግሜ እንድጉመጠመጥ አደረጉኝ፤ ኦክስጅን ሰጡኝ። "ሳንባዎ ደህና ነው። ጉሮሮዎ ግን ተቃጥሏል፤ እኔ ሳልፈቅድ ውኃ ውስጥ እንዳይገቡ" አለችኝ ሐኪሟ። ለሚ መሣሪያውን አልጋው ሥር አስቀምጦልኛል። ብቻዬን ስሆን ከፈትኩት። የክዳኑ ጎማ ላይ አንድ የሣር ሰበዝ ተጋድሟል፤ ውኃው የሾለከው በዚያ ነው። ብፈትሽ ኖሮ ገና ዳር ላይ ሳለሁ ይታወቅ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ድምፄ ጠፍቶ ስለነበር ሚስቴ ስትደውል ለሚ አንስቶ "ደህና ነው፤ ሲመለስ ራሱ ይነግርዎታል" አላት። አዲስ አበባ ላለው ባልደረባዬም አጭር መልእክት ጻፍኩ፤ የተሞሉ ጠርሙሶች በአውቶቡስ ላክልኝ አልኩት። ከመጀመሪያውም ይህን ማድረግ እችል ነበር።

ሁሩሙ

ከሆስፒታል ስወጣ ሆቴል ልያዝ ብል ለሚ እምቢ አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ታማሚ ሆኜ ተኛሁ። እትዬ አስካለ ጠዋትና ማታ ማር በማንኪያ ያመጡልኛል።

"ዋጠው ልጄ። ቀስ ብለህ።"

የልጃቸውን ሬሳ ላወጣላቸው መጥቼ እሳቸው እኔን ያስታምማሉ። ማሩን ስውጥ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር። ጎረቤት ለእኔ ሾርባ ይዞ ይመጣል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ውኃው ድምፁን ነጠቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት የአገር ሽማግሌው ጋሽ ቶሎሳ መጡ። ለቀስተኛው ፊት በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ለሚ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ተረጎመልኝ። "ውኃው አልሰጥም ብሏል። ይኸው እንግዳውን ሊገድለው ነበር። ሌላ ሰው አንጨምርበት፤ ፍለጋው ይብቃ፣ ድንኳኑ ይፍረስ ነው የሚሉት" አለኝ።

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ድምፅ የለኝማ። ጀግና ሆኜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ዝም ማለቱ እንዲህ መመቸቱ ነው ያሳፈረኝ። ተነሳሁና በሻከረ ሹክሹክታ "ለሚ፣ እንደምናገረው ንገርልኝ" አልኩት።

"ውኃው ምንም አላደረገኝም። መሣሪያዬን መፈተሽ ነበረብኝ፤ አልፈተሽኩም። ሰው እያየኝ ስለነበር ኮራሁ። ያቃጠለኝ የራሴ መሣሪያ ነው።"

ለሚ ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ተረጎመው። አንድ ጎልማሳ ወጥቶ ሄደ። ፊቴ ነደደ፤ የት እንደምገባ አጣሁ።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። "እንዲህ ከሆነ ልጄ እዚያው አለ ማለት ነው?"

"እዚያው ይኖራል እትዬ። ያልደረስኩበት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ይፈለግ" አሉ፤ ጋሽ ቶሎሳም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንደገና ወንዙ ዳር

ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ፣ ጠርሙሶቹም ሲደርሱ ተመለስን። በዚህ ቀን ምንም አላብራራሁም። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ፤ ሕዝቡ ቆሞ ጠበቀ። ጉሮሮዬ አሁንም ይከረክረኛል፤ የምተነፍሰው ግን ደረቅና ንጹሕ አየር ነው። ከድልድዩ ዝቅ ብሎ የሾላ ሥር ውኃው ውስጥ ገብቷል። ሥሩን እየዳሰስኩ ስሄድ እጄ ጨርቅ ያዘ። የጃኬት እጅጌ ነበር። አውጥተን ነጠላ አለበስነው። እትዬ አስካለ አልጮኹም። አጠገቡ ተንበርክከው ከእግሩ ላይ ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉለት። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። አፈሩ ሲመለስ ለሚ ትከሻዬን ያዘ፤ ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አልጠየቅሁትም።

መመለሻ

ከመቱ በሚኒባስ ወጣሁ። ያዮን እንዳለፍን ሹፌሩ ለተሳፋሪው ወሬ ጀመረ። "የሁሩሙን ጠላቂ ሰማችሁ? ውኃው ጉሮሮውን አንቆት፣ ታግሎ አሸንፎ ነው መምህሩን ያወጣው አሉ!"

"እንደሱ አይደለም" አልኩ ከኋላ። "ጠላቂው መሣሪያውን ሳይፈትሽ ገብቶ ነው የተቃጠለው።"

ሹፌሩ በመስታወቱ አፈጠጠብኝ። "ወንድሜ፣ ሰው ነፍሱን ሰጥቶ የሠራውን እንዲህ ታቃልላለህ? አታፍርም?"

"አፍራለሁ" አልኩት። "እኔ ነኝ ጠላቂው።"

ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። "ይሄ ደግሞ!" አለ አንዱ፤ ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ዞረ። አላመኑኝም፤ አልደገምኩም።

አዲስ አበባ ስደርስ መሽቷል። ሚስቴ በሩን ከፍታ "ድምፅህ ምን ሆነ?" አለችኝ። ሣጥኑን ሳላስቀምጥ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ፣ ስልካቸውን አውጥተው ከከበቡኝ ጎረምሶች ጀምሬ ነገርኳት።