አባቴ የሰረዛት ቃል

በዚያን ጊዜ እንጀራዬ ትንኝ ነበረች። ትንኝ የምታስተላልፈው ዌስት ናይል ቫይረስ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ትንኝ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለበጋው ጊዜያዊ ሠራተኛ ሲፈልግ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ከሰዓት በኋላ በሴንት ፖል ሰፈሮች እየዞርኩ ወጥመድ እሰቅላለሁ። ከወጥመዱ በላይ ደረቅ በረዶ የያዘ ዕቃ ይንጠለጠላል፤ ትንኟ ከበረዶው የሚተነው ጋዝ የሰው ትንፋሽ እየመሰላት ትመጣለች። ጠዋት የገባውን ሰብስቤ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አፈስና በማይክሮስኮፕ እያየሁ በየዓይነቱ እለያለሁ። የለየሁት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱ በየሳምንቱ ለጤና ሠራተኞች በሚላከው ዜና ላይ ይወጣል፤ በየትኛው ካውንቲ ቫይረሱ ትንኝ ላይ እንደተገኘ፣ የት ሰው እንደታመመ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ ዊልቸር እገፋ ነበር።

አባቴ ከእኔ ጋር ሄነፒን ካውንቲ፣ ብሩክሊን ሴንተር ነበር የሚኖረው። የእኔ የትንኝ እውቀት ከእሱ ጋር ሲተያይ የትናንት ነው። ወጣት ሳለ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። ፓምፕ ተሸክሞ ከቤት ቤት እየገባ ግድግዳው ላይ ዲዲቲ ይረጫል፤ ሲወጣ የረጨበትን ቀን በሩ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ያ ልማድ አልለቀቀውም። እርሳስ ከኮቱ ኪስ አይጠፋም፤ እንዳይረሳው የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ባገኘው ወረቀት ጠርዝ ላይ ያሰፍራል። ይህን ሥራ ማግኘቴን ስነግረው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አለቃዬ አማርኛ እንደምጽፍ ሲያውቅ ለሕዝብ የሚበተነውን በራሪ ወረቀት እንድተረጉም ሰጠኝ። ኩራቴን ማን ይቻለው። «ሞስኪቶ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዙም አልተጨነቅሁም። እኛ አገር ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በአንድ ስም ነው፤ የወባ ትንኝ። «ትንኝ» ብቻ ብል ሙዝ ላይ የምትዞረዋን የሚያስብ አይጠፋም ብዬ፣ «የወባ ትንኝ የምትራባበትን የቆመ ውሃ ይድፉ» ብዬ ጻፍኩ። ሚኒሶታ ውስጥ ወባ እንደሌለ ጠፍቶኝ አይደለም። ቃሉን አፌ ስለለመደው ብቻ ነው።

ወረቀቱን ፍሮግታውን ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩት። አባቴ አልፎ አልፎ ከእኩዮቹ ጋር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ አንብበው ሳቁ። አንዱ በዚህ የበረዶ አገር በወባ ልታስፈራራን ነው ወይ አለ። እኔም ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም። አንድ ቅጂ ስጪኝ አለኝና መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። እጅሽ ይባረክ፣ አጻጻፍሽ ያምራል ብሎ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

ጓሯችን ውስጥ፣ ከአሸንዳው ሥር አባቴ በርሜል ነበረው። የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ ጎመኑን ያጠጣበታል። አንድ ቀን ወጥመድ ልሰቅል ስወጣ በርሜሉን አጎንብሼ አየሁት። ቅጠል በስብሶበት ውሃው ጠቁሯል፤ ላዩ ላይ የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። አባዬ ይህን ውሃ ድፋው አልኩት። ፈገግ አለ።

«ይሄ የወባ ትንኝ ውሃ አይደለም፣ ልጄ። እሷ ፀሐይ የሚያየው ጥርት ያለ ውሃ ነው የምትወደው። እንዲህ ከገማ ውሃ የምትፈለፈለዋ ወባ አታስይዝም። ስንት ዓመት የለፋሁበትን!»

ልክ ነበር። ስለ ወባ ትንኝ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለችው ሌላዋ ናት፤ እኛ የምንፈራውን ቫይረስ የምታስተላልፈውም እሷው ናት። ይህን ለመንገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። መኪናዬ ውስጥ ደረቅ በረዶው እየተነነ ነው፣ ከአባቴ ጋር ስለ ወባ ክርክር መግጠም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት ነው። እሺ አባዬ፣ ማታ እንነጋገራለን ብዬው ወጣሁ። ስመለስ ተኝቷል። በማግስቱም ረሳሁት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ራሱን አመመው፣ ትኩሳትም ያዘው። የድሮዋ ወባዬ ናት የተነሳችብኝ አለና ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን ክሎሮኪን ዋጠ። እኔ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ ትንኝ ላይ አፍጥጬ የምውል ሴት፣ አመንኩት። ብርቱካን ጨምቄለት ሥራ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ትክ ብሎ አየኝና ማን ልበል አለኝ። ሻዩ ከእጄ ወደቀ። አንገቱን ላቀና ብሞክር እንደ እንጨት ደርቋል። ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምቶ መጣ፤ «አምቡላንስ አትጠብቂ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ» ብሎ አባቴን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው።

ሐኪሙ የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ። የሌላው ውጤት ሲመጣ፣ እኔ ወጥመድ እየሰቀልኩ የምፈልገው ዌስት ናይል ቫይረስ አባቴ አንጎል ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባመጣው ኖሮስ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለም፣ ብዙም ለውጥ አያመጣም ነበር አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው። እኔን ግን ጨርሶ ገደለኝ። መድኃኒት ከሌለው አባቴን ማዳን የምችለው እዚያ በርሜል አጠገብ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሳይነቃ ሞተ። የነከሰችው ትንኝ ከየትኛው ውሃ እንደወጣች ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አለቃዬም ይህንኑ ደጋግሞ ነገረኝ። ትክክል ነው። እኔ ግን ከቀብር እንደተመለስኩ በጥቁር ልብሴ ጓሮ ገብቼ በርሜሉን ገለበጥኩት፤ ለቀስተኛው በመስኮት እያየኝ ነበር።

የሳምንቱ ዜና ደረሰኝ። ስም የለበትም፣ አንዲት መስመር ናት፤ ሄነፒን ካውንቲ፣ ወንድ፣ ከሰባ ዓመት በላይ፣ ሕይወቱ አልፏል። አለቃዬ ለሐበሻው የሚለጠፈውን የዜናውን ትርጉም ሌላ ሰው ይሥራው ቢለኝም እምቢ አልኩ። የእኔ አባት ነው፣ በእኔ እጅ ይጻፍ ብዬ። ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ የምጽፍበት ነገር ስፈልግ ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ኮቱ ትዝ አለኝ።

እርሳሱን ሳወጣ በራሪ ወረቀቱ አብሮ ወጣ። «የወባ» የሚለውን ቃል ባለበት ቦታ ሁሉ በቀጭን መስመር ሰርዞታል፤ የቀረችው «ትንኝ» ብቻ ናት። ከጠርዙ ላይ፣ ድሮ በየቤቱ በር ላይ በለመደው ድቅቅ ያለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ወባ እዚህ የለም። ታዲያ የትኛዋ ናት? ሰው ፊት አይደለም፤ ቤት ስትውል ልጠይቃት።»

በዚያ በጋ አንድም ቀን ቤት አልዋልኩም።