ከጋፋት ያመጣሁት ጥቁር ብረት

ልጅ እያለሁ ጋፋትን ለማየት የሚያስፈልገን እግርና አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ ነበር። በር የለው፣ ትኬት የለው። ከደብረ ታቦር ወጥተን፣ ባሕር ዛፉን አልፈን፣ የሰው እርሻ ዳር ዳሩን ይዘን እንደርሳለን። ይህን ትዝታ የቀሰቀሰችብኝ ከሐዋሳ ተቀይራ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ሕይወት ናት። ባለፈው ወር፣ “ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ልሞት ነው፤ በነፃ የሚታይ ነገር የላችሁም?” አለችኝ። ፊት ለፊት ማውራት ብዙም ስለማይሆንልኝ በወረቀት ጻፍኩላት። ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ማየት፣ የቅዳሜ ገበያን መዞር፣ በጠዋት የባሕር ዛፉን መንገድ በእግር መሄድ። አነበበችውና፣ “ጋፋትስ? ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለሱ አይደል?” አለች። ሆን ብዬ ነበር የተውኩት።

አምስተኛ ክፍል ነበርን። በጥቅምት አንድ ቀን መምህራችን፣ ንጉሡ መድፍ ያሠሩበትን ቦታ ሊያሳዩን ይዘውን ወጡ። ጭጋጉ ገና አልገፈፈም ነበር፤ መንገዱ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ሁለት ሁለት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘናል። የእኔ ጥንድ ታንጉት ነበረች።

ታንጉት የቀጥቃጭ ልጅ ናት። አባቷ ገበያው ጥግ ላይ ማረሻና መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። ሰዉ ማረሻውን እሳቸው ዘንድ ያሠራል፤ ዞር ሲል ደግሞ “ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል” ይላል። ክፍል ውስጥ ከእሷ ጋር መቀመጥ የሚፈልግ አልነበረም። እኔ ዝምተኛ ስለሆንኩ መምህሩ አጠገቧ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል አፌ የሚፈታው ከእሷ ጋር ብቻ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር።

ጋፋት ደርሰን መምህሩ ስለ ምድጃውና ስለ ወናፉ፣ ብረት አቅላጮቹ ስለነበራቸው ጥበብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሩን። እኛ ያየነው ማሳና ድንጋይ ነው። ምሳ ስንበላ አንዷ ልጅ ዳቦዋን በነጠላዋ ሸፈነችና ታንጉትን፣ “አትይብኝ!” ብላ ጮኸችባት።

“ያረረ ዳቦ ምኑ ይታያል?” አለቻት ታንጉት። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ፊቷን ወደ ማሳው አዙራ ነው የበላችው።

እዚያው እንደተቀመጠች ከአፈሩ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር አወጣች። ጡጫዬን ያህላል፣ ሲይዙት ይከብዳል። “ድንጋይ እንዳይመስልሽ፤ ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ነው። እኛ ቤትም ሞልቷል፣ ያዢው” ብላ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ስንመለስ አንድ የባቄላ ማሳ ውስጥ ገባሁ። ታንጉት፣ “የሰው ነው፣ ተይ!” ብላ ዳር ቀረች። እኔ እሸቱን ሆዴ እስኪነፋ በላሁ።

አመሻሽ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ትኩሳትም መጣ። አባቴ የሰው እህል የነካ ልጅን እንዴት እንደሚገርፍ ስለማውቅ ስለ ባቄላው ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ቦርሳዬን ስታራግፍ ብረቱ መሬት ላይ ወደቀ።

“ይህን ማን ሰጠሽ?”

“ታንጉት።”

“የቀጥቃጩ ልጅ?”

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ወዲያው ተጠሩ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አፍንጫዬ ላይ ያዙ፤ ጭንቅላቴን በሌላ እጃቸው ጨመቁት። “ለፍልፊ! ማን ነው የበላሽ? ስም ጥሪ!” እያሉ ይጮኹብኛል። ዓይኔ ተቃጠለ። ስም ካልጠራሁ እንደማይለቁኝ ገባኝ።

“ታንጉት” አልኩ።

ከዚያ አስመለሰኝ። የባቄላው ፍሬ ሁሉ ወጣ፤ እሱን ግን ማንም ልብ አላለውም። “አላልኳችሁም?” አሉ እትዬ ዘርፌ እጃቸውን እየጠረጉ፣ “ስሟ ሲጠራ ለቀቃት!”

በማግስቱ ድኜ ትምህርት ቤት ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እናቴ መጥታ ቦታዬን አስቀየረችኝ። ሰዉ ማረሻውን ሌላ ቦታ መውሰድ ጀመረ፤ የቀጥቃጩ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይወረወር ነበር። አንድ ቀን ታንጉት በር ላይ ጠብቃኝ፣ “እኔ ምን አደረግሁሽ?” አለችኝ። ጫማዬን እያየሁ አለፍኳት። የገና በዓል ሳይደርስ ወናፋቸውን በአህያ ጭነው ገሳይ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄዱ።

እናቴ አጥር ውስጥ የወረወረችውን ብረት ፈልጌ ደበቅሁት። ከዚያ በኋላ በጠዋት ስነቃ ከገበያው ጥግ የመዶሻ ድምፅ እሰማ ነበር። የሚቀጠቅጥ ግን አልነበረም።

ሕይወትን ጋፋት ወሰድኳት። ፎቶ እያነሳች፣ “እነዚህ ብረት ሠሪዎች እኮ ጀግኖች ናቸው!” አለች። ከተማችን አሁን እንግዳ ሲመጣ ቀጥቃጮች የሠሩበትን ሜዳ በኩራት ያሳያል። አዎ አልኳት። ስንመለስ፣ “ምነው እጅሽን እንዲህ ያዝሽው?” ብላ ጠየቀችኝ። ሳላውቀው ግራ እጄን ከጎኔ ራቅ አድርጌ፣ ጣቶቼን ከፍቼ ነበር የምሄደው፤ ሰው እንደሚይዝልኝ።

በሳምንቱ ሚኒባስ ይዤ ብቻዬን ገሳይ ሄድኩ። ገበያው ዳር የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ተከተልኩት። ይህኛው እውነተኛ ነበር። የታንጉት አባት ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ አላወቁኝም።

“አባቴ፣ ታንጉት የምትባል ልጅ አለችዎት?”

“አለችኝ። ዓረብ አገር ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች” አሉና ቀና አሉ። “ማን ፈለገሽ ልበላት?”

የእትዬ ዘርፌ እጅ ጭንቅላቴ ላይ የተመለሰ መሰለኝ። ብረቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። ስሜን ነገርኳቸው። ቀጥዬም፣ “ያሳመመኝ ባቄላ ነበር። የሰው ባቄላ ሰርቄ በልቼ ነው” አልኩ።

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ብረቱን አነሱት፣ በመዳፋቸው መዘኑት፣ ከከሰላቸው ጎን ከተከመሩት መሰሎቹ ጋር ወረወሩት።

“ስምሽን አልረሳሁትም” አሉ። “የእሷን መልስ እኔ አልመልስልሽም። እሑድ ነይ፤ ለራሷ ንገሪያት።”

መዶሻቸውን አወረዱ፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ልጅ ሳለሁ ስም ጥሪ ሲሉኝ የእሷን ስም ለመጥራት ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለእሷ የምለውን በወረቀት ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። ስልክ ላይ ግን ወረቀት አይሰጥም። ነገ እሑድ ነው።