ሃምሳ አለቃ አቤት

በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። በጦሩ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው «ሃምሳ አለቃ አቤት» በሚለው ቅጽል ነው። ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ «አቤት ጌታዬ!» ብሎ ብድግ ስለሚል የወጣለት ስም ነው። እሱም አልተቀየመም። አባቱ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያሉ ነው ያሳደጉት፤ በጦሩም ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያው ኖረ። ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ምንም ካላሉት ደግሞ የሆነ ነገር እስኪሉት ይጠብቃል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ይወጋል። ለእረፍት ቤት ሲመጣ ወንበር ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ምን ልሥራ?»

«አሳርፍ!» ትለዋለች በወታደር ድምፅ። ያኔ ነው ጫማውን የሚያወልቀው።

ነገር የተለወጠው ጦሩ አንድ ሸንተረር ላይ ክፉኛ ከተመታ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ሬዲዮው ገና በማለዳ ተቋረጠ። ጠላት በግራም በቀኝም እየከበባቸው መሆኑን ምሽግ ውስጥ ያለ ሁሉ በዓይኑ ያያል። ግን «አፈግፍጉ» ያለ የለም፤ ሳይታዘዝ የሚነቃነቅም አልነበረም። መልእክተኛ በእግሩ ሮጦ ትዕዛዙን ሲያደርስ፣ የሚያፈገፍገው ሰው አንሶ ነበር። የሃምሳ አለቃ የልብ ወዳጅ የነበረው መትረየስ ተኳሽም እዚያው ቀረ።

ከዚያ «የጦሩ ማሻሻያ» የሚባል ነገር መጣ። ብዙዎች አዲስ መኪናና አዲስ የደንብ ልብስ የሚታደል መስሏቸው ደስ አላቸው። የመጣው ግን ትምህርት ነው። ከእንግዲህ አዛዥ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚሠራም ይናገር፤ የበታቹም ሁኔታው ሲለወጥ ዓላማውን ይዞ ራሱ ይወስን ተባለ። ለዚህ ሲባል የበታች አለቆች በየተራ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። ሃምሳ አለቃም «አቤት» ብሎ ገባ።

የምታስተምራቸው አንዲት ሻለቃ ነበረች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የምትፈልግ ሴት ናት። ክፍሉ መሃል ትልቅ የአሸዋ ሣጥን አለ። ኮረብታው፣ ወንዙ፣ መንገዱ በአሸዋ ተሠርቶበታል፤ ቤቶቹ የክብሪት ቀፎዎች ናቸው።

«ሃምሳ አለቃ» አለችው በመጀመሪያው ሳምንት፣ «የስንቅ መኪናዎች እንዲሻገሩ ይህን ድልድይ ያዝ ተብለሃል። ስትደርስ ድልድዩ ፈርሷል። ሬዲዮህም አይሠራም። ምን ታደርጋለህ?»

«ትዕዛዝ እጠብቃለሁ፣ ሻለቃ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ፈገግም አላለችም።

«ድልድዩ ለምን ተፈለገ?»

«መኪናዎቹ እንዲሻገሩ።»

«እና አሁን መኪናዎቹ ምን ይሁኑ?»

መልሱ ጠፍቶበት ሳይሆን፣ አውጥቶ መናገሩ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት መስሎት ምላሱ ታሰረ። ከትምህርት በኋላ ቢሮዋ ሄዶ ተጠንቅቆ ቆመ።

«ሻለቃ፣ ወደ ጦር ክፍሌ ይመልሱኝ። እንጨት እርጥብ ሳለ ነው የሚታጠፈው፤ እኔ ደርቄያለሁ።»

«መጀመሪያ ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። እሷም ከወንበሯ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አታስብ ያልንህ እኛ ነን። ጥፋቱ የኛ ነው። የሚስተካከለውም በአንድ ሳምንት አይደለም። እኔ ሳልቸኩል አንተ ምን አስቸኮለህ?»

ሃምሳ አለቃ በዕድሜው ስንት አለቃ አይቷል፤ «ጥፋቱ የኛ ነው» ያለው ግን አንድም አልነበረም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ሲወጡ ሁለቱ አሸዋው ላይ ያጎነብሳሉ። ሲሳሳት አትቆጣም፤ «ለምን?» ትለዋለች። ሲያገኘውም አታሞግስም፤ እንደገና «ለምን?» ትለዋለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ቀስ በቀስ እሱም ራሱን መጠየቅ ለመደ። ወሩ መጨረሻ ላይ እረፍት ሲወጣ ቀለም ገዝቶ የቤቱን በር ሰማያዊ ቀባው። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«በሩስ ለምን?»

«ዝናብ ሳይበላው ብዬ ነዋ።»

ሚስቱ ዘንቢሏን አስቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። «አስተማሪህን እግዜር ይባርካት» አለች፤ «ቀለሙ ግን ያስጠላል።»

ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። የሃምሳ አለቃ ክፍል አንድን መንገድ ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። የሚመራቸው ወጣት መቶ አለቃ፣ ጦሩ እንደተማረው ሁሉንም ሰብስቦ ዓላማውን ነገራቸው፦ «ከታች ያለው ሆስፒታል ሕመምተኞቹን እያወጣ ነው። የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ መንገዱ ክፍት ይሁን።»

የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ሲወድቅ መቶ አለቃው ጭኑን ተመታ። ሁለተኛው ሬዲዮውን አመድ አደረገው። ሃምሳ አለቃ በመነጽር ሲያይ፣ ጠላት ኮረብታውን እንደሌለ ቆጥሮ ከበስተኋላ ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ለውስጥ ወደ መንገዱ እየሄደ ነው። ኮረብታው ላይ ሆነው ቢተኩሱ ጥይታቸው ወንዙ ውስጥ አይደርስም። ወታደሮቹ ዓይን ዓይኑን አዩት። ያ ሸንተረር ትዝ አለው፤ መትረየስ ተኳሹ ትዝ አለው። ቀጥሎ ያ የሻለቃዋ ዝግ ያለ ድምፅ መጣለት፦ ኮረብታው ለምን ተፈለገ?

«ሦስት ሰው ከመቶ አለቃው ጋር ይቅር» አለ። «ሌላው ተከተለኝ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቀድመን እንጠብቃቸዋለን።»

«ኮረብታውን እንልቀቅ?» አለ አንዱ አስር አለቃ።

«የታዘዝነው ለመንገዱ ነው። ኮረብታው ለመንገዱ ካልጠቀመ ድንጋይ ነው።»

መታጠፊያው ላይ ደርሰው ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ ጠላት ብቅ አለ። ተኩሱ እስከ ቀትር አልበረደም። የመጨረሻው መኪና አቧራውን እያቦነነ ሲያልፍ ሃምሳ አለቃ ሰዎቹን በየተራ እየሸፈነ አወጣቸው፤ መቶ አለቃውንም በቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ። የቆሰሉ ነበሩ። የሞተ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ኮሎኔሉ አስጠሩት። የድሮ ሰው ናቸው፤ ማሻሻያውን «የወሬኛ ጦር መሥሪያ» እያሉ የሚያሾፉበት።

«ኮረብታውን ልቀቅ ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ የወሰንኩት።» ያየውን፣ የፈራውን፣ ለምን እንደወሰነ አንድ በአንድ አስረዳቸው።

«በድሮው ቢሆን የጦር ፍርድ ቤት ነበር የማቆምህ» አሉ ኮሎኔሉ። «ከሆስፒታሉ ከወጡት አንዷ እህቴ ናት። ተመስገን ነው።» እጃቸውን ዘረጉለት።

ሃምሳ አለቃ ፈቃድ እንዳገኘ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። ሻለቃዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራ መጻሕፍቷን በካርቶን እያሸገች አገኛት። መንገድ ላይ ያጠናው ረጅም ንግግር ነበረው፤ ፊቷን ሲያይ ከአፉ ጠፋ።

«ሻለቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ አለ። «ሰዎቹን በሙሉ ይዤ ተመለስኩ።»

እሷም ካርቶኑን ትታ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን» አላለችውም። «ሰምቻለሁ» አለች፤ «ስሰማ አለቀስኩ። እዚህ የምናስተምረው ነገር ሰው ያድን አያድን፣ እስከዚያ ቀን እኔም አላውቅም ነበር። እኔም አመሰግንሃለሁ።»

ከዚያ ሃምሳ አለቃ ከሁሉ የከበደውን ካርቶን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። «ተው፣ ወታደሮች ይመጣሉ» ብትለውም አልሰማትም። ሦስት ፎቅ ወርዶ መኪናው ላይ ጫነ፤ ሌላውንም ሊያመጣ ተመለሰ። ወገቡን ያመው ነበር፤ ደስ ብሎት ነበር።